ለቡኒው ቤት ስንፈልግ የተጨቃጨቅነው

ባለፈው ቅዳሜ ኬጆቹን ጠርገን ጨርሰን፣ ገና እጃችንን እንኳን ሳንታጠብ ነው ጭቅጭቁ የተነሳው። ጉዳዩ ቡኒው ነው። ሼልተሩ ውስጥ፣ ባለቤት የሌላቸው ውሾች የሚጠለሉበት ማለት ነው፣ 7 ወር ሆኖታል። አጠገቡ ቁጭ ስትሉ ጭንቅላቱን ጉልበታችሁ ላይ ጥሎ እንቅልፍ የሚወስደው ውሻ ነው፣ ገመድ ላይ ሆኖ ሌላ ውሻ ካየ ግን ያንኑ ውሻ አታውቁትም፣ ይዘላል ይጮሃል ይጎትታል፣ አንዳንዴ የሚያደርገው ጠፍቶት ገመዱን ራሱን ይነክሳል። ሪአክቲቭ የሚሉት ዓይነት ማለት ነው። "ልምድ ላለው ሰው ብቻ" ብለን ማስታወቂያ ካወጣንለት ወዲህ ለወራት ጠያቂ አጥቶ ከርሞ፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት ሰው መጣለት፣ እኛ ደሞ ለማን እንስጠው በሚለው ላይ መስማማት አቃተን።

አንደኛው ጠና ያሉ ሰው ናቸው፣ ከ20 ዓመት በላይ ውሻ ያሳደጉ፣ ሰፊ ግቢ ያላቸው። ሁለተኛዋ ፎቅ ላይ ብቻዋን የምትኖር ሴት ናት፣ በሕይወቷ ያሳደገችው ውሻ አንድ ብቻ ነው፣ እሱም ከሞተባት 1 ዓመት አልፎታል።

ውሾቹን ወክ የሚያስደርገው ልጅ "ይሄ ምን ያጨቃጭቃል?" አለ። "ልምድ ያለው ሰው ብላችሁ ጻፋችሁ፣ 20 ዓመት ልምድ ያለው ሰው መጣ፣ ግቢ አላቸው፣ ጊዜ አላቸው፣ ጡረታ ላይ ናቸው፣ ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋላችሁ? እሷ እኮ ፎቅ ላይ ናት፣ ደረጃው ላይ ከጎረቤት ውሻ ጋር ፊት ለፊት ሲገጥም ምን ልታደርግ ነው?"

ጥያቄው ትክክል ነው፣ አሁንም ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

ጠያቂዎቹን የምታነጋግረው ልጅ ግን ጭንቅላቷን ነቀነቀች። ሰውየውን ይዛ ኬጁ ጋ የሄደችው እሷ ነበረች። "ጋሼ ጥሩ ሰው ናቸው፣ እሱን አልካድኩም" አለች፣ "ግን ቡኒው በአጠገቡ ባለፈ ውሻ ላይ ሲጮህ አይተው ምን እንዳሉኝ ልንገራችሁ? 'ይሄ የለመደው ልቅ አያያዝ ነው፣ ጠንከር ያለ እጅ ነው የሚፈልገው፣ ሁለት ሳምንት ስጡኝ ቀጥ አደርገዋለሁ' አሉኝ። ከዛ የጠየቁኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፣ ማታ ማታ ይጮሃል ወይ የሚል። ለጥበቃ ነው የፈለጉት።"

"እና ምን ችግር አለው?" አለ ልጁ። "እኛስ ዝም ብለን አይደል እየለመንነው ያለነው፣ ምን ለውጥ አመጣን?"

እዚህ ላይ ነው እኔ የገባሁት፣ ምክንያቱም ይሄን ነገር ብዙ ሰው ይሳሳትበታል። እንደ ቡኒው ያለ ውሻ አብዛኛውን ጊዜ ንቀት ወይ ጥጋብ አይደለም የሚያስጮኸው፣ ፍርሃት ነው፣ ወይ ደሞ ሄጄ ላሽትት ብሎ ገመድ ሲይዘው የሚመጣ ብስጭት ነው። ቡኒው የፍርሃቱ ወገን ነው። ውሻ ሲፈራ የሚችለው ነገር መሸሽ ነው፣ ገመድ ላይ ደሞ መሸሽ የለም፣ ስለዚህ አንተ ሂድልኝ ብሎ ይጮሃል። የሚጮህበት ውሻ ያው መንገደኛ ነውና ያልፋል፣ ለቡኒው ግን እሱ ጮሆ ያባረረው ነው የሚመስለው፣ በየቀኑ "ጮህኩ፣ ሄደ" እያለ ይማራል። አሁን በዚህ ላይ ሌላ ውሻ ባየ ቁጥር አንገቱን የሚያንቅ ሰንሰለት ብትጎትትበት ምን ይማራል? ውሻ ሲመጣ ሕመም እንደሚመጣ። ፍርሃቱ ተጨመረበት እንጂ አልተቀነሰለትም። በቅጣት ዝም የሚል ውሻ ሊገኝ ይችላል፣ እሱን አልክድም፣ ግን ዝም ያለው ማስጠንቀቂያው ነው፣ ማጉረምረሙን ነው የነጠቅከው፣ የዛን ጊዜ ሳያጉረመርም የሚነክስ ውሻ ይዘህ ቁጭ ማለት ይመጣል። የአሜሪካ የእንስሳት ባህርይ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው አቋም ላይ በሽልማት ማሠልጠን ለሁሉም ውሻ፣ ጠባዩ ለተበላሸውም ጭምር፣ የሚመከረው መንገድ ነው፣ ማነቂያና ሾክ የሚሰጥ፣ በኤሌክትሪክ የሚነዝር፣ አንገትጌ አትጠቀሙ ብሎ ነው የጻፈው። ዌልስ የሾክ አንገትጌን በሕግ የከለከለችው ገና እ.ኤ.አ. በ2010 ነው።

ልጁ ዝም ብሎ ሰማኝና "እሺ እሱስ ይሁን፣ ግን ፍርሃት ነው ብዬ እንዴት ነው የማውቀው?" አለኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው ብዬ ይዤው ወጣሁ። እውነቴን ነው፣ ቡኒውን ገመድ አስሬ ከኋላ በር ይዤው ወጣሁ፣ እነሱም ከሩቅ ተከተሉኝ።

ሜዳው ጫፍ ላይ፣ ወደ 40 ሜትር ይሆናል፣ አንድ ሰው ነጭ ውሻ ይዞ እየሄደ ነበር። ቡኒው አፉን ከፍቶ ምላሱን አውጥቶ እያለከለከ ነበር፣ ነጩን ሲያይ አፉን ዘጋ። ያ ብቻ ነው የሆነው፣ አፉ ተዘጋ። "አያችሁት?" አልኳቸው። ቁራሽ ሰጠሁት፣ ተቀበለኝ። ሰውየው ወደኛ ሲጠጋ፣ 25 ሜትር ገደማ ላይ፣ ጆሮው ቀጥ አለ፣ ክብደቱን ወደፊት ጣለ፣ ከንፈሩን አንዴ ላሰ፣ ቁራሹን ሰጠሁት፣ ወደ አፉ ገብቶ መልሶ ወደቀ። ይሄኔ ዞር ብዬ ይዤው ሄድኩ። አልጮኸም። ሁለት እርምጃ ብጨምር ኖሮ ይጮህ ነበር፣ ከዛ በኋላ ደሞ ብትለምነው ብትቆጣው አይሰማህም፣ ጭንቅላቱ ዝግ ነው። ሥራው ያለው እዛች አፉ ከተዘጋባትና ቁራሹ ከወደቀባት ቦታ መካከል ነው፣ ሌላ ውሻ በሩቁ ሲታይ የሚወደው ነገር ይመጣል፣ ውሻው ሲጠፋ የሚወደውም ነገር ይቆማል፣ በወራት ውስጥ ርቀቱ ቀስ እያለ ይቀንሳል። አሰልቺ ሥራ ነው፣ ሁለት ሳምንት የሚባል ነገር የለውም።

ስንመለስ ማስታወቂያ የሚጽፍልን ወዳጃችን ሌላ ነገር አነሳ። "ችግሩ እኮ እናንተው ናችሁ፣ የውሻውን ጉድ ሁሉ ዘርዝራችሁ ነው የምትለጥፉት። ሪአክቲቭ ነው፣ ልጆች ያሉበት ቤት አይሆንም፣ ድመት አይሆንም፣ ማን ያንን አንብቦ ይመጣል? 'ንቁ፣ ጉልበት ያለው፣ የቤቱ ብቸኛ ውሻ መሆን የሚወድ' ብላችሁ ጻፉ፣ ሰው ይምጣና አይቶት ይውደደው፣ ሌላውን በኋላ ትነግሩታላችሁ።"

ጠያቂዎቹን የምታነጋግረው ልጅ እዚህ ላይ ተቆጣች፣ አልፈርድባትም። ከዚህ በፊት አንዲት ጥቁር ውሻ በዚሁ መንገድ ሄዳ በ4ኛው ቀን ተመልሳልናለች። ቤተሰቡ ጥሩ ሰዎች ነበሩ፣ ግን አልተነገራቸውም፣ በ3ኛው ቀን የዘመድ ልጅ እየሮጠ ሲገባ ጮኸችበት፣ እናትየው እያለቀሰች ነው ያመጣቻት። ውሻዋ ከዛ በኋላ ኬጇ ጥግ ላይ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ መተኛት ጀመረች። ተመልሳ የመጣች ውሻ ደሞ "ለምን ተመለሰች?" የሚል ጥያቄ ነው ተከትሏት የሚዞረው። እኔ ያን ቀን ኬጁን የከፈትኩላት ሰው ነኝና በዚህ ነገር አልደራደርም፣ ሁሉም ነገር ይነገር፣ ከመውሰዳቸው በፊት፣ በጽሑፍ።

እሱም ተረዳ፣ ግን "ዝርዝሩ ላይ ጥሩውንም ጻፉ እንግዲህ" አለ፣ ልክ ነው። የቡኒው ማስታወቂያ ላይ ጉልበት ላይ ተኝቶ ስለሚያንኮራፋው አንድ መስመር አልጻፍንም ነበር።

ከሁሉ የከበደኝ ግን እስከዛ ድረስ ጥግ ይዛ ዝም ብላ የነበረችው ያነሳችው ነው። "ሰው ቢነክስስ?" አለች። "7 ወር አንድ ኬጅ ይዟል፣ ውጭ ተራ የሚጠብቁ አሉ፣ ችግር የሌለባቸው፣ ነገ ቤት የሚያገኙ። አዝንለታለሁ፣ ግን ማዘን ብቻውን በቂ ምክንያት ነው?" ይሄን የምትለው ከክፋት አይደለም፣ ቦታ የለም ብላ ስልክ ላይ ሰው የምትመልሰው እሷ ናት፣ ማታ ቤቷ ገብታ እሱን ስታስብ የምታድረው እሷ ናት።

እኔ ያልኳት፣ እውነቱን ቆጥረን እንነጋገር ነው ያልኳት። የውሻ ንክሻን የሚመዝኑበት 6 ደረጃ ያለው መለኪያ አለ፣ ኢያን ደንባር የሚባል የእንስሳት ሐኪም ያወጣው ነው፣ 1ኛው ጥርስ ቆዳ ያልነካበት ነው፣ 6ኛው ሞት ነው። ቡኒው በ7 ወር ውስጥ አንዴ ነው፣ ውሻ አይቶ ሲጮህ ገመዱን የያዘውን ልጅ ሱሪ በጥርሱ ይዞ ለቀቀ፣ ቆዳ አልነካም። ይሄም ማስታወቂያው ላይ ይጻፋል። 5ኛው ደረጃ ላይ ቢሆን ኖሮ እኔም ቤት እንፈልግለት ብዬ አልከራከርም ነበር። ደሞ እዚህ የምናየው ቡኒው ሙሉው ቡኒው አይደለም። የሼልተር ጩኸት ከ100 ዴሲቤል በላይ ሲወጣ ተለክቷል፣ ሰው ቢሆን ጆሮውን ይይዛል፣ እሱ ግን ቀን ከሌት እዛው ነው፣ ያየው ውሻ ሁሉ የሚጮህበት ውሻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በ5 የአሜሪካ ሼልተሮች 207 ውሾች ላይ የተሠራ ጥናት አለ፣ ውሾቹ ሁለት ሌሊት ብቻ ሰው ቤት ሲያድሩ የጭንቀት ሆርሞናቸው፣ ኮርቲሶል የሚሉት፣ ወርዶ ተገኝቷል፣ ሲመለሱ ደሞ ወደነበረበት ወጣ። ሁለት ሌሊት። ስለዚህ ፎስተር እንስጠው መጀመሪያ፣ ለጊዜው ሰው ቤት ይቆይ ማለት ነው፣ ቤት ውስጥ ምን እንደሚመስል እንየው ነው የምለው። "እሱ ይሻላል" አለች፣ ከዛ በላይ አልተከራከረችም።

እና ለማን?

ሴትየዋ ስትመጣ እኔ ነበርኩ ያነጋገርኳት። ኬጁ ጋ ከመድረሳችን በፊት "ከስንት ሜትር ላይ ነው የሚጀምረው?" አለችኝ። ከዛ "ከጮኸ በኋላ ስንት ደቂቃ ይፈጅበታል ለመረጋጋት?" ከዛ "ከጎን ቢመጣበትና ከፊት ቢመጣበት ልዩነት አለው?" የሞተው ውሻዋ ሰው የሚፈራ ነበር፣ 6 ዓመት ሙሉ ጎህ ሳይቀድ ነበር ወክ የምታወጣው፣ የትኛው ጎረቤት በስንት ሰዓት እንደሚወጣ ወረቀት ላይ ጽፋ በሩ ላይ ለጥፋ ነበር። ቡኒው ጋ ስትደርስ ጎንበስ ብላ ዓይኑን አላየችውም፣ ጎኗን ሰጥታ ቁጭ አለች፣ እጇን አልዘረጋችም፣ እሱ ነው መጥቶ በሽቦው በኩል ያሸተታት።

ወክ የሚያስደርገው ልጅ ያነሳው የደረጃው ጉዳይ ግን እውነት ነው። ጠባብ ደረጃ ለሪአክቲቭ ውሻ ከባድ ቦታ ነው፣ ርቀት የለም፣ ዞሮ መሄጃ የለም። ግቢም ቢሆን ግን እንደሚታሰበው መድኃኒት አይደለም፣ አጥር ስር እየሮጠ በአላፊ አግዳሚው ላይ ሲጮህ የሚውል ውሻ ያንኑ ጩኸት ነው ቀኑን ሙሉ የሚለማመደው።

እኔ የፈረድኩት ለእሷ ነው። የሰውየው 20 ዓመት እውነተኛ 20 ዓመት ነው፣ ግን ከማይፈሩ ውሾች ጋር ያለፈ ነው፣ ቡኒውን ሲያዩ ያዩት የሚቀጣ ውሻ ነው። እሷ አንድ ውሻ ነው ያሳደገችው፣ ያ አንዱ ግን ይሄንኑ ሥራ 6 ዓመት አሠርቷታል። ደረጃውን ማቅለል ይቻላል፣ ከመሄዱ በፊት ማዝል፣ እንዳይነክስ አፉ ላይ የሚደረገውን፣ እናለማምደዋለን፣ ያ የቅርጫት ዓይነቱን፣ ውስጡ ሆኖ ማለክለክና ውኃ መጠጣት የሚችልበትን፣ በየደረጃው መታጠፊያ ላይ ቆም ብላ አዳምጣ እንድታልፍ፣ መጀመሪያ ለ2 ሳምንት በፎስተር እንድትወስደው፣ ካልሆነም ያለ ወቀሳ እንድትመልሰው። ለሰውየው ደሞ እኔው ራሴ ደውዬላቸዋለሁ። ግቢ የሚወድ፣ ውሻ ቢያይ ዞር ብሎ የማያይ አንድ ሽማግሌ ውሻ አለን፣ ነገ መጥተው ያዩታል።

አንድ የቀረ ነገር አለ። ሴትየዋ ልትሄድ ስትል "ሕመም ተመርምሯል?" ብላኝ ነበር። ሲገባ ክትባቱንና አጠቃላይ ምርመራውን አድርገንለት ነበር፣ ሕመም ብሎ ለይቶ ያየው ግን አልነበረም። የሚያመው ውሻ እንዳትጠጉኝ ብሎ እንደሚጮህ እያወቅን 7 ወር አልጠየቅንም። ሰኞ ቬት ጋ፣ የእንስሳት ሐኪም ጋ፣ ወሰድኩት። ቬቱ ከአንገቱ ጀምሮ እየዳሰሰ ወርዶ የግራ ዳሌው ላይ ሲደርስ ቡኒው አፉን ዘጋ፣ ዞሮም የቬቱን እጅ አሸተተ። ራጅ ተነሳ፣ መገጣጠሚያው ላይ ችግር አለው፣ ማስታገሻ ጀምሯል። ማታውኑ ደውዬ ነገርኳት፣ ሐሙስ ለማዝሉ ልምምድ ስትመጣ ደረጃ የሚወጣበትን መደገፊያ ይዛ እንደምትመጣ ነገረችኝ።