አምስት ደሴት በስምንት ሰዓት? ለማን ተብሎ!

ባለፈው ወር በጀልባ ለስኖርክሊንግ (የውሃ ማስክና የመተንፈሻ ቱቦ አድርጎ፣ ፊትን ውሃ ውስጥ ነክሮ እየተንሳፈፉ ዓሣ ለማየት) የወሰደኝ አስጎብኚ ድርጅት ሰሞኑን አዲስ ማስታወቂያ አወጣ። «ያው ዋጋ፣ ያው ሰዓት፣ ከሦስት ደሴት ወደ አምስት!» ይላል። መሀል ላይ የባሕር ኤሊ ፎቶ አለበት። «ጥድፊያ አይሆንም ወይ?» ብለው ለጠየቁ ሰዎች ከድርጅቱ የተሰጠው መልስ ነው ብዕር ያስነሳኝ። ቱሪስት ትዕግሥት የለውም ተባለ። አንድ ቦታ ከግማሽ ሰዓት በላይ ካቆዩት ይሰለቸዋል ተባለ። ለነገሩ የሚከፍለውም ለደሴቱ ቁጥር ነው ተባለ።

ይሰለቸዋል? የቱ ቱሪስት ነው የሰለቸው?

እኔ በነበርኩበት ጀልባ ላይ ምን እንደሰለቸን ልንገራችሁ። የሞተሩ ጩኸት ሰልችቶናል። በአንዲት መሰላል ያ ሁሉ ሰው ተራ በተራ ሲወርድና ሲወጣ ቆሞ መጠበቅ ሰልችቶናል። ከአንድ ሳጥን ውስጥ ግራና ቀኙ የሚገጥም ፊን (እግር ላይ የሚጠለቅ የዋና መቅዘፊያ) መፈለግ ሰልችቶናል። ውሃ ውስጥ ገብቶ የሰለቸው ሰው ግን አላየሁም። ቱቦ ነክሶ የሚያዛጋ ሰው እስካሁን አልተፈጠረም።

ከጎኔ አንዲት እናት ተቀምጠው ነበር። ዋና አይችሉም። ይህንንም ማንም ሳይጠይቃቸው ገና ስንነሳ ለሁላችንም ነገሩን። (መጠየቅ የነበረበት ድርጅቱ ነበር፤ እሱን ለጊዜው እንለፈው።) ጠዋት 40 ደቂቃ ዘግይተን ስለተነሳን ሁለተኛው ደሴት ላይ የተሰጠን 25 ደቂቃ ብቻ ነበር። ሴትዮዋ ላይፍ ጃኬታቸውን አጥብቀው፣ ማስክ አድርገው፣ መሰላሉን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ቀሩ። ፊታቸውን ይነክራሉ፤ ወዲያው ብቅ ይላሉ። ያስላሉ። ማስኩን አውልቀው ውሃውን ይደፋሉ። እንደገና ይሞክራሉ። እንዲህ እንዲህ እያሉ ሩብ ሰዓት ሄደ። በመጨረሻ ትንፋሻቸው ተስተካከለ። አንድ እጃቸውን ከመሰላሉ ለቀቁ፤ ፊታቸውን ነክረው ቆዩ። በቱቦው «ኡኡኡ!» የሚል ድምፅ ወጣ። ደንግጬ ስጠጋ እየሳቁ ነው። ከሥራቸው ቢጫና ጥቁር መስመር ያላቸው ዓሦች እየተርመሰመሱ ያልፋሉ።

ይሄኔ ፊሽካ ተነፋ። ወደ ጀልባ!

ልብ በሉ፣ ይህ የሆነው በሦስት ደሴቱ ጉዞ ነው።

እስቲ ሒሳቡን አብረን እንሥራ። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተነስቶ 11 ሰዓት መመለስ ማለት 480 ደቂቃ ነው። በእኔ ጉዞ መሄጃው 45፣ መመለሻው 45 ደቂቃ ፈጅቷል። ከደሴት ደሴት 20 ደቂቃ እንበል። ምሳ አንድ ሰዓት። በየደሴቱ ጀልባውን ማቆም፣ ሰው ማውረድ፣ መልሶ መጫን ደግሞ ቢያንስ 15 ደቂቃ። ሦስት ደሴት ከሆነ ይህ ሁሉ ተደምሮ 235 ደቂቃ ይበላል። የሚተርፈው 245 ደቂቃ ለሦስት ሲካፈል ለእያንዳንዱ 80 ደቂቃ ይደርሰዋል። ደህና ነው። ከወደቡ ብንዘገይም እንኳ ቢያንስ አንዱ ደሴት ላይ በደንብ እንተነፍሳለን።

አምስት ሲሆንስ? መንገዱ ጨመረ፣ መውጣት መውረዱ ጨመረ። 305 ደቂቃ ሄደ። የቀረው 175 ነው። ለአምስት ሲካፈል 35 ደቂቃ። ከዚህ ላይ ማስክ ማስተካከያውን፣ ፊን ማጥለቂያውን፣ «እዚህ አትቁሙ፣ ያንን አትንኩ» የሚለውን ማብራሪያ ቀንሱ። ጎበዝ ዋናተኛ 20 ደቂቃ ያገኝ ይሆናል። ያቺ እናት ግን መሰላሉን እንደያዙ አምስቱንም ደሴቶች ይጨርሳሉ።

እንግዲህ «ያው ዋጋ» የሚለው ነገር ከየት መጣ? 70 ደቂቃ ተቆርጦብናል እኮ! በሌላ ንግድ እቃ ቀንሶ ዋጋ አለመቀነስ ስም አለው። እዚህ ግን ስሙ «ተጨማሪ ደሴት» ሆነ። ለቁጥሩ ነው የምንከፍለው የሚለው ክርክርም ከዚህ አያልፍም። ምግብ ቤት ገብቶ አምስት ሳህን አሽትቶ የሚወጣ ሰው ካለ ደንበኝነቱ ይባረክለት። እኔ መብላት እፈልጋለሁ።

ደሴት መዝለል የሚወዱ ሰዎች አሉ፣ አውቃለሁ። በየባሕሩ ዳርቻ ፎቶ ተነስተው መሄድ የሚፈልጉ። ምንም ክፋት የለውም። ለእነሱ ሌላ ጀልባ አዘጋጁላቸው፤ የውሃ ማስክም አታሸክሟቸው።

አሁን ወደማልቀልድበት ጉዳይ ልግባ። ስኖርክሊንግ ቀላል ጨዋታ ይመስላል። ውሃው ሙቅ ነው፣ ጥልቀቱ ትንሽ ነው፣ ጀልባዋ ቅርብ ናት። ነገር ግን በሃዋይ ጎብኚዎች ባሕር ውስጥ ሰጥመው ከሚሞቱባቸው እንቅስቃሴዎች ግንባር ቀደሙ ይኸው ነው። ክፋቱ ደግሞ ድምፅ የለውም። የሚዝናና ሰውና ራሱን የሳተ ሰው ከጀልባ ላይ ሲታዩ ልዩነት የላቸውም። ሁለቱም ፊታቸውን ደፍተው ተንሳፍፈዋል። ልዩነቱን የሚያውቀው ዓይኑን ሳይነቅል የሚመለከት ሰው ብቻ ነው። በአውስትራሊያዋ ኩዊንስላንድ ይህ በደንብ ስለታወቀ አስጎብኚዎች ሥራው ማየት ብቻ የሆነ ጠባቂ እንዲያቆሙ ይጠበቅባቸዋል። የልብ ሕመም ያለበት ወይም ዋና የማይችል ሰውም መንሳፈፊያ ይዞ፣ ከሩቅ የሚለይ ነገር ለብሶ ነው የሚገባው።

የእኔ ነጥብ እዚህ ላይ ነው። ለጀማሪ አስቸጋሪዎቹ የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ናቸው። ቱቦው ውስጥ ውሃ ይገባል። ማስኩ ያፈሳል። ሰውየው ይደነግጣል፣ ትንፋሹ ይቆራረጣል፣ እግሩ መሬት ይፈልጋል። እነዚህ ደቂቃዎች ካለፉ በኋላ ነው ሰውነት የሚፈታው። አምስት ደሴት ማለት አምስት ጊዜ መጀመር ማለት ነው። አስቸጋሪውን ክፍል አምስት ጊዜ ደጋግመን፣ ደስ የሚለውን ክፍል አምስቱንም ጊዜ ሳንደርስበት እንመለሳለን። ከዚህ የባሰ የጉዞ ፕሮግራም ቁጭ ብዬ ላውጣ ብል እንኳ የምችል አይመስለኝም።

ጠባቂው ራሱ ምን እየሠራ ነው? በእኔ ጀልባ ላይ ማስክ ያደለው፣ ምሳ ያቀረበው፣ ገመድ የወረወረውና ውሃ ውስጥ ያለነውን «የጠበቀው» አንድ ወጣት ነው። በልጁ አልፈርድም። ሰዓቱን እያየ ነበር። ቆጠራውንም እሱ ነው የሚሠራው። ጣቱን እየቀሰረ ይቆጥራል፤ መሀል ላይ አንዱ ሽንት ቤት ይገባል፣ ሌላው ቦታ ይቀይራል፤ «እሺ፣ ሙሉ ነን» ይላል። ሞተሩ የተነሳው ግን ቆጠራው ሳያልቅ ነው።

ቆጠራ ተራ ነገር የሚመስለው ሰው ካለ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1998ን ያስታውስ። በአውስትራሊያው ግሬት ባሪየር ሪፍ አንድ የጠላቂዎች ጀልባ አሜሪካውያን ባልና ሚስትን ባሕር ላይ ትቶ ተመለሰ። መቅረታቸው የታወቀው ከሁለት ቀን በኋላ ነው፤ ለዚያውም ንብረታቸው ጀልባው ላይ ስለተገኘ። አስከሬናቸው እስከ ዛሬ አልተገኘም። የተሳሳተው አንድ ቁጥር ነው። ይህን ቁጥር እየተጣደፈ በቀን አምስት ጊዜ የሚቆጥር ልጅ ላይ የሰው ነፍስ ማስያዝ ምን ይባላል?

የአየሩ ጉዳይም አለ። እ.ኤ.አ. ጁላይ 5 ቀን 2018 ፊኒክስ የተባለችው ጀልባ ከታይላንዷ ራቻ ደሴት ወደ ፉኬት ስትመለስ ሰጠመች። 47 ቻይናውያን ቱሪስቶች ሞቱ። የቀን ጉዞ ነበር፤ ስኖርክሊንግ ሊያደርጉ የሄዱ ሰዎች ነበሩ። የማዕበል ማስጠንቀቂያ ወጥቶ ነበር። አዎ፣ የጀልባዋ አሠራርም ጉድለት እንዳለበት በምርመራ ተገኝቷል። ግን ጀልባዋን ከወደብ ያወጣት ጉድለቱ አይደለም። ትኬት ተሸጧል፣ ሰው ተሰብስቧል፣ ፕሮግራሙ ተጽፏል፤ እንዲህ ሲሆን «ዛሬ እንቅር» ማለት ይከብዳል። አምስት ደሴት ብሎ የሸጠ ካፒቴን አራተኛው ላይ ሰማዩ ሲጠቁር ምን የሚል ይመስላችኋል? «ገንዘቤን መልስ» የሚል ተሳፋሪ ከኋላው ቆሟል። አንድ ደሴት የሸጠ ግን የሚያጎድለው ነገር የለውም፤ ሞተሩን አስነስቶ ወደ ቤቱ ነው።

ከድርጅቱ ምላሾች መካከል አንዱን ሳነብ ደግሞ ሳቄ መጣ። «እኛ ለኮራሉ እንጠነቀቃለን፣ ጎጂ የፀሐይ ክሬም ከልክለናል» ይላል። (ኮራል ድንጋይ ቢመስልም ሕይወት ያለው የባሕር ፍጥረት ነው።) ጎሽ! ፓላው በ2020፣ ሃዋይ በ2021 ኮራል ይጎዳሉ የተባሉት ኦክሲቤንዞንና ኦክቲኖክሴት የሚባሉ ኬሚካሎች ያሉባቸውን ክሬሞች አግደዋል፤ ጥሩ ነው። ግን የተፈቀደውም ክሬም ቢሆን ቆዳ ላይ እስኪይዝ ጊዜ ይፈልጋል። ጀልባው ሲቆም ተቀብቶ ወዲያው የሚዘል ሰው ክሬሙን የሚቀባው ባሕሩን ነው። ክሬም መከልከል ምንኛ ቀላል ነው! ወጪው የቱሪስቱ ነዋ። ደሴት መቀነስ ግን የራስን ማስታወቂያ መንካት ነው።

ዳቦውንም አይቻለሁ። ዓሣው በራሱ ጊዜ እስኪመጣ የሚጠበቅበት ጊዜ ስለሌለ ያ ወጣት ዳቦ ቆርሶ ወረወረ። ዓሦቹ ተንጋግተው መጡ፤ ሰው ተንጫጫ፤ ስልክ ወጣ፤ ተጠናቀቀ። ዓሣ ዳቦ አይበላም ነበር፤ እኛ ነን ያስለመድነው። ሥራው አልጌ መልቀም የነበረው ዓሣ አሁን የጀልባ ድምፅ ይጠብቃል። የጣደፈው ተሳፋሪ ደግሞ ሚዛኑን ሲስት እግሩን ኮራል ላይ ያሳርፋል። እንደ ድንጋይ ክብ የሆነው የኮራል ዓይነት በዓመት የሚያድገው ከ2 ሴንቲ ሜትር አይበልጥም። በአንድ ፊን የተሰበረውን ለመተካት ስንት ዓመት እንደሚፈጅ አስሉት።

«ኮራሉን የሚገድለው የባሕሩ ሙቀት ነው፣ የእኛ ጀልባ አይደለም» የሚሉም አሉ። ሙቀቱ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 2024 በዓለም ደረጃ አራተኛው የኮራል ንጣት (ኮራል በሙቀት ቀለሙን አጥቶ መንጣቱ) መከሰቱ ተነግሯል። ታዲያ በሽተኛ ነው ተብሎ ይረገጣል እንዴ?

ደግሞ ጀልባ ለውጥ አያመጣም የሚሉ ሰዎች ወደ ታይላንዷ ማያ ቤይ ዞር ይበሉ። በቀን እስከ 5,000 ሰው ይራገፍባት ነበር። እ.ኤ.አ. ጁን 2018 ለአራት ወር ብለው ዘጓት፤ አራቱ ወር ከሦስት ዓመት ተኩል በላይ ሆነ። ጃንዋሪ 2022 ስትከፈት ጀልባ ወደ ባሕረ ሰላጤዋ እንዳይገባ ተከለከለ፤ አሁን ሰው የሚወርደው ከደሴቲቱ ጀርባ ነው። ጫፈ ጥቁር ክንፍ ያላቸው ትንንሽ ሻርኮችም ተመልሰው መጡ። ሙቀቱን ማንም አላበረደላቸውም። የተቀነሰው ጀልባና ሰው ነው።

እና ምን ይደረግ ለምትሉ፣ የምጠይቀው ትንሽ ነው። ማስታወቂያው ላይ የደሴቱን ቁጥር ትታችሁ ውሃ ውስጥ ስንት ደቂቃ እንደምንቆይ ጻፉልን። 150 ደቂቃ በሁለት ደሴት ካላችሁ፣ አሁን ከምታስከፍሉት ጨምሬ እከፍላለሁ። ያቺንም እናት አፈላልጌ ይዣቸው እመጣለሁ። ቆጣሪውን ልጅም አንድ ረዳት ቅጠሩለት።

አምስት ደሴት በስምንት ሰዓት ማስሮጡን ካላቆማችሁ ግን ቢያንስ ፎቶውን ቀይሩት። ከእንስሳው ሁሉ መርጣችሁ ኤሊ?