ስም ይቀድማል ወይስ ሥራ? የአየር መንገዳችንና የቦይንግ ነገር

«ስም ይቀድማል» ባይዋ፦
መጋቢት 1 ቀን 2011 ከቦሌ ወደ ናይሮቢ የተነሳው የአየር መንገዳችን በረራ ቁጥር 302፣ ቦይንግ ሠራሹ 737 ማክስ አውሮፕላን፣ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ 157 ሰው አለቀ። ገና ለቅሶ ላይ እያለን በውጭ ሚዲያ አብራሪዎቻችንን የሚጠረጥር ወሬ መናፈስ ጀመረ። ሌላ ድርጅት ቢሆን በዚያው ያበቃለት ነበር። የኛን አየር መንገድ ያቆመው በ1938 ወደ ካይሮ ከበረረበት ቀን ጀምሮ ያጠራቀመው ስም ነው። ሁለት ወር ቆይቶ አክስቴ ዋሽንግተን ልትሄድ በርበሬና ሽሮዋን ስታሽግ የፈራሁት እኔ ነበርኩ። «የኛው አይደል እንዴ?» አለችኝ ሻንጣውን በገመድ እያሰረች። ትኬት የሚሸጠው ይህ እምነት ነው።

«ሥራ ይቀድማል» ባዩ፦
እህቴ፣ የአክስትሽ ነገር ልቤን ነክቶታል። ቦይንግንስ ምን ልትዪው ነው? ከሱ የገነነ ስም የማን ነበር? እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። የአሜሪካው የአቪዬሽን ተቆጣጣሪ ብዙውን የፍተሻ ሥራ ለራሳቸው ለቦይንግ ሠራተኞች የተወው ስላመናቸው ነው፤ በዚህ መሃል ኤምካስ የተባለው፣ የአውሮፕላኑን አፍንጫ ወደ ታች የሚደፋው ሶፍትዌር፣ በአንዲት ሴንሰር ብቻ እየታዘዘ እንዲሠራ ሆኖ አለፈ። ከኛ አምስት ወር ባልሞላ ጊዜ ቀድሞ ኢንዶኔዥያ ውስጥ ሌላ ማክስ ወድቆ 189 ሰው ሞቷል። ማክስ ግን መብረሩን ቀጠለ። ስሙ ባያስከብረው ኖሮ ያኔ መሬት ላይ ይቀር ነበር፣ ሰዎቻችንም ይተርፉ ነበር።

«ስም ይቀድማል» ባይዋ፦
ወንድሜ፣ የቦይንግ ስም ሲጎድፍ ምን እንደደረሰበትስ? በዚያው ዓመት ኤርባስ አውሮፕላን በማስረከብ በለጠው። የኛው አየር መንገድ ግን ጥር 24 ቀን 2014 ማክስን ወደ በረራ ሲመልስ ሕዝቡ ተሳፈረ።

«ሥራ ይቀድማል» ባዩ፦
ኮሮና ሲመጣ መንገደኛ ጠፋ። ያኔ ድርጅቱን ያወጣው ቴክኒሻኖቹ ወንበር እየነቀሉ የመንገደኛውን አውሮፕላን የጭነት ማድረጋቸው ነው። ያ የሠለጠነ እጅ ባይኖር ስም ብቻውን አንድ ካርቶን ጭምብል አያነሳም።

«ስም ይቀድማል» ባይዋ፦
ጭምብሉን ያስጫነውስ? የዓለም ምግብ ፕሮግራም በ2012 ለአፍሪካ የሚሄደውን የሕክምና ዕቃ ቦሌ ላይ ያከማቸው ባያምነን ነበር?

«ሥራ ይቀድማል» ባዩ፦
ያመነን ስናደርስ አይቶ ነው። እኔ የምፈራው ሌላ ነው። ስማችን ትልቅ ነው እየተባለ፣ ሌሊት ሃንጋር ውስጥ አንድ ልጅ ባትሪውን አብርቶ «ይቺ ብሎን አላማረችኝም» ሲል የሚሰማው እንዳያጣ።