ሰንሰለት ብትዘረጉብን ምን ነበረበት?

አውሮፓን በመኪና ዞራችሁ ለማየት ያሰባችሁ ባልና ሚስት ካላችሁ፣ ቁልፉን ከመቀበላችሁ በፊት ይህችን ብሶቴን አንብቡልኝ። ለአንድ ቀን ሽርሽር ዓመት ሊሞላው ሲል የቅጣት ደብዳቤ እጃችን ገብቷል፤ ያውም አንድ ሳይሆን ሁለት። ገንዘቡ ያንገበግበኛል። ከገንዘቡ በላይ የሚያንገበግበኝ ግን ያን ሁሉ ወራት መከሰሳችንን ሳናውቅ፣ ፎቶግራፎቻችንን ለዘመድ አዝማድ እያሳየን ስንኩራራ መክረማችን ነው።

ነገሩ የሆነው በጣሊያኗ ቶስካና ነው። የምንኖረው ጀርመን ስለሆነ እስከ ፒሳ በአውሮፕላን ሄደን እዚያ መኪና ተከራየን። ዕቅዱን ያወጣው ባለቤቴ ነው፤ ጠዋት ፒሳ፣ ረፋዱ ላይ ሉካ፣ ከሰዓት በኋላ ፍሎረንስ። በካርታ ሲታይ ሁሉም ደጅ ለደጅ ናቸው። «አውቶቡስ ስንጠብቅ ቀኑን ከምናባክነው መኪናው ነፃነት ይሰጠናል» አለኝ። ነፃነት!

ፒሳን ቶሎ ልለፋት። ግንቡ እንደተባለው ዘሟል፤ እኛም እንደ ማንኛውም ጎብኚ እጃችንን አየር ላይ ዘርግተን ደግፈነዋል። ነገር ግን አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ግንባታው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1173 ተጀምሮ ገና ሦስተኛው ፎቅ ላይ ሳለ መዝመም ያዘ፤ ከሥሩ ያለው አፈር ልል ነውና። በ1990 ለጎብኚ ከተዘጋ በኋላ መሐንዲሶች በሰሜን በኩል ከመሠረቱ ሥር አፈሩን በጥቂት በጥቂቱ እያወጡ ከ40 ሴንቲ ሜትር በላይ መለሱትና በ2001 ተከፈተ። 11 ዓመት ቁጭ ብሎ የዘመመ ግንብ የሚያቃና ሕዝብ፣ አንድ የመንገድ ምልክት ሾፌር ሊያየው በሚችልበት ቦታ መትከል እንዴት ያቅተዋል?

ሉካ ሐቀኛ ከተማ ናት። ዙሪያዋን ከ4 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም ግንብ ከቧታል፤ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ የተጠናቀቀ ነው፤ ከነመከላከያ ምሽጎቹ ዛሬም ሙሉ ነው። አናቱ ላይ ዛፍ ተተክሎበት፣ ሰዉ በብስክሌት እየተንሸራሸረበት፣ ሽማግሌዎች አግዳሚ ወንበር ይዘው ይጨዋወቱበታል። እንዲህ ያለ ግንብ ፊት ለፊት ሲገጥማችሁ ማንም ሳይነግራችሁ መኪናችሁን ታቆማላችሁ። እኛም ውጭ አቆምን። ሰማያዊ መስመር የሚከፈልበት፣ ነጭ በነፃ የሚቆምበት፣ ቢጫ ደግሞ ፈቃድ ላለው ብቻ መሆኑን አንብበን ስለነበር ሰማያዊው ላይ አቁመን ሳንቲማችንን ከፈልን። ውስጥ ገብተን ድሮ የሮማውያን ትዕይንት ማሳያ በነበረው ሞላላ አደባባይ ተቀመጥን። ዘቢብና አኒስ የሚባል ቅመም ያለበት፣ ቡቼላቶ የሚሉት ዳቦ አላቸው፤ ከቡና ጋር ግሩም ነው። ያን ዕለት ሳንጨቃጨቅ ያሳለፍነው ጊዜ ቢኖር ይኸው ነው።

ወደ ፍሎረንስ የሚወስደው አውራ ጎዳና የሚከፈልበት ነው። መክፈያው ጋ ስንደርስ ባለቤቴ ሰልፉ አጭር ነው ብሎ ቢጫው መስመር ውስጥ ዘው አለ። ቢጫው መስታወታቸው ላይ ክፍያውን የሚቆርጥ መሣሪያ ለለጠፉ ደንበኞች ብቻ ነው። ከኋላችን የተሰለፈው መኪና ጥሩምባውን አላቋርጥ ሲል፣ ዘልዬ ወርጄ የእርዳታ ቁልፍ የምጫነው እኔ። «አንቺ ለምን አልነገርሽኝም?» አለኝ። ነግሬው ነበር፤ ስልኩ ውስጥ ሆና መንገድ የምትመራዋን ሴትዮ እንጂ እኔን አይሰማም።

ስለ ፍሎረንስ ክፉ አልናገርም። በ1860ዎቹ የጣሊያን ዋና ከተማ ስትሆን አብዛኛውን የከተማ ግንብ አፍርሰው በቦታው ሰፋፊ ጎዳናዎች አወጡ። ስለዚህ ሉካን የመሰለ ግንብ ቆሞ «እስከዚህ ድረስ ነው» አይላችሁም። ነገር ግን በምትኩ ማስተዋል አላቸው። ከአውራ ጎዳናው ሳትወጡ በቀጥታ የምትገቡበት ሰፊ የመኪና ማቆሚያ ሠርተዋል፤ መኪናችሁን እዚያ ትታችሁ በእግር ስትወጡ ባቡሩ ቆሞ ይጠብቃችኋል፤ መሐል ከተማ ድረስ ያስገባችኋል። አርክቴክቱ ብሩኔሌስኪ ገጣጥሞት በ1436 የተጠናቀቀውን የካቴድራል ጉልላት አንጋጠን ስናይ ስለ መኪና ማሰብ እንኳ ረስተን ነበር። ይህን ማድረግ ይቻላል ማለት ነው!

ጣጣችን የመጣው ወደ ማደሪያችን ስንመለስ ነው። ባለቤቴ ፀሐይ ሳትጠልቅ ኮረብታ ላይ ያለች አንዲት ትንሽ ጥንታዊ ከተማ ብቅ ብለን እንይ አለ። ስሟን አልጠራም፤ እሷ ራሷ ታውቃለች። የስልኳ ሴትዮ «ወደ ቀኝ ታጠፉ» አለች፤ ታጠፍን። «ቀጥ በሉ» አለች፤ ቀጥ አልን። መንገዱ እየጠበበ፣ አስፋልቱ ወደ ድንጋይ ንጣፍ እየተለወጠ ሄደ። ስፖኪዮውን በሁለቱም በኩል አጠፍን። አንዲት አሮጊት የገበያ ዘንቢላቸውን ደረታቸው ላይ ታቅፈው በር ላይ ተለጥፈው አሳለፉን። የምግብ ቤት አስተናጋጅ አንድ ወንበር ብድግ አድርጎ አነሣልን፤ ባንወጣ ጎማችን ጠረጴዛው ሥር ሊገባ ነበር። ማንም አልተቆጣንም፤ ማንም «ተመለሱ» አላለንም። መውጫ ስንፈልግ ዞረን እዚያው መንገድ ላይ ተመለስን፤ አስተናጋጁም ያችኑ ወንበር እንደገና አነሣልን፤ እኔም እጄን በመስኮት አውጥቼ አመሰገንኩት። ከአበባ ማሰሮዎቹ በላይ ምሰሶ ላይ ያለችው ካሜራ ይህን ሁሉ ስታይ ነበር።

አሠራሩን ኋላ ነው የተረዳሁት። የብዙዎቹ የጣሊያን ከተሞች ጥንታዊ መሐል ፈቃድ ለሌለው መኪና በተወሰነ ሰዓት ዝግ ነው። ምልክቱ ነጭ ክብ ሆኖ ዙሪያው ቀይ ነው፤ ከሥሩ ሰዓቱና ፈቃድ ያላቸው ሰዎች ዝርዝር በደቃቅ ጽሑፍ በጣሊያንኛ ይሰፍራል፤ እየነዳ ያን የሚያነብ ሰው ካለ ዓይኑ ይባረክ። ካሜራው የእያንዳንዱን መኪና ታርጋ ያነባል። እዚያ የሚያድር እንግዳ ሆቴሉ ታርጋውን ካስመዘገበለት ይታለፋል። ያላስመዘገበ ባለፈ ቁጥር ይቀጣል፤ ሁለት ጊዜ ካለፈ ሁለት ጊዜ ነው።

መሐል ከተማ ለመኪና መዘጋቱን አልቃወምም። እነዚያ መንገዶች ለአህያና ለእግረኛ የተሠሩ ናቸው፤ እኔም እዚያ ብኖር መኪና በሳሎኔ ሲያልፍ አልወድም። የምለው አንድ ነገር ነው፦ መግባት ክልክል ከሆነ አታስገቡን። አንድ ሰንሰለት፣ አንድ ከመሬት ብቅ የሚል ብረት፣ ያ ቢቀር አንድ ፊሽካ የያዘ ሰው ይበቃል። በሩን ከፍቶ አስገብቶ፣ ወንበር አንሥቶ አሳልፎ፣ ከዚያ ዝም ብሎ መጻፍ ምን የሚሉት እንግዳ አቀባበል ነው?

ደግሞ አጻጻፉ! መጀመሪያ መኪና አከራዩ ድርጅት ከካርዳችን ገንዘብ ቆረጠ። የምን እንደሆነ ስንጠይቅ፣ ስማችንንና አድራሻችንን ለፖሊስ የሰጠበት የአገልግሎት ክፍያ ነው ተባልን። አሳልፎ ለሰጠን ሰው ከፈልን ማለት ነው። ቅጣቱ ራሱ የመጣው ከወራት በኋላ ነው። ሕጉ አገር ውስጥ ለሚኖር ሰው ቅጣቱን በ90 ቀን ውስጥ እንዲያሳውቁ ሲያስገድድ፣ ውጭ አገር ለሚኖር ግን እስከ 360 ቀን ይፈቅድላቸዋል። የ30 በመቶ ቅናሽ ከፈለጋችሁ ግን ደብዳቤው በደረሳችሁ በ5 ቀን ውስጥ ክፈሉ ይላችኋል። ለእነሱ ዓመት፣ ለእኔ የሥራ ሳምንት!

እዚህ ያሉት ወዳጆቻችን ምክር አላጡም። «ወረቀቱን ቅደዱት፣ ጀርመን ድረስ መጥተው ምን ያመጣሉ?» የሚሉ ነበሩ። ያመጣሉ። በአውሮፓ ኅብረት ስምምነት መሠረት ከሌላ አባል አገር የመጣ ቅጣት ወጪውን ጨምሮ 70 ዩሮ ከደረሰ የጀርመን መንግሥት ራሱ ሊያስከፍል ይችላል። የእኛ እያንዳንዱ ከመቶ ዩሮ በላይ ነው።

ኅብረት ሲባል ደግሞ ሌላው ያስቀኛል። የአብዛኞቹ ገንዘብ አንድ፣ ድንበራቸው ክፍት፤ የከተማ መግቢያቸው ግን እንደየአገሩ ነው። የመኪናው ጭስ አነስተኛ መሆኑን የሚያሳየው የጀርመን አረንጓዴ መለጠፊያ ፈረንሳይ አይሠራም፤ የፈረንሳዩም ጀርመን አይሠራም። የቤልጂየሟ ጌንት ከ2017 ጀምሮ ከተማዋን በክፍል በክፍል ስለከፋፈለችው፣ በመኪና ከአንዱ ሰፈር ወደ ሌላው ለመሄድ ወጥታችሁ በቀለበት መንገዱ መዞር አለባችሁ። ድንበር የሚያህለውን ነገር ያለ ኬላ አቋርጦ የመጣ ሰው አንድ ቅያስ ላይ ወንጀለኛ ይሆናል።

እስካሁን አልከፈልንም፤ ቅናሹም አልፎናል። ለሁለተኛው ቅጣት ይግባኝ ልጽፍ ነው፤ ለመውጣት ስንሞክር ስለሆነ። ለአካባቢው የመንግሥት ተጠሪ በ60 ቀን ውስጥ ማቅረብ ይቻላል። ከእናንተ መካከል እንዲህ ያለ ይግባኝ ጽፎ የተሳካለት ካለ፣ ምን ብሎ እንደጻፈ እባካችሁ ይንገረኝ።

ባለቤቴ በበኩሉ በእኛ አቆጣጠር ነሐሴ 10 ቀን ሲዬና ላይ የሚካሄደውን የፈረስ ግልቢያ ካላየሁ ብሎ የመኪና ኪራይ ዋጋ ማነጻጸር ጀምሯል። ሲዬና እኮ መሐሏን ለመኪና የዘጋችው ገና ድሮ፣ በ1960ዎቹ ነው! በአውቶቡስ ከሆነ እሄዳለሁ፣ በመኪና ከሆነ ያችን የስልክ ሴትዮ ይዘሃት ሂድ ብየዋለሁ።