የጉጉቶች ፍቅር

የጣልያን የእግር ኳስ ደጋፊ ክብር ይገባዋል። የራስ ቡድን ሲያሸንፍ መደሰትማ ምን ሙያ ይጠይቃል? ሕፃንም ይችለዋል። ከባዱ የጎረቤት ቡድን ሲሸነፍ ከልብ መፈንጠዝ ነው። እዚህ ላይ ጣልያኖችን የሚደርስባቸው የለም። ለነገሩ የራሱ ግስ ሳይቀር አውጥተውለታል፦ «ጉፋሬ»። «ጉፎ» ማለት ጉጉት ነው። እኛ ጉጉት ጣራችን ላይ ስትጮህ «ምን ልታመጣብን ነው?» ብለን እናማትባለን። እነሱ ትኬት ቆርጠው፣ ሻርፕ ጠምጥመው ራሳቸው ይጮኻሉ።

ይህን ሙያ ሲኒማውም አልዘለለውም። እ.ኤ.አ. በ1982 ካርሎ ቫንዚና «ኤቼዚዩናሌ... ቬራሜንቴ» የተባለ ኮሜዲ ሠራ። የርዕሱ የመጀመሪያ ቃል ሆን ተብሎ በሦስት «ዜድ» ነው የተጻፈው፤ የቋንቋ መምህር ቢያየው ቀይ እስክሪብቶ ያወጣል። ዲዬጎ አባታንቱኖ ብቻውን ሦስት ደጋፊ ሆኖ ይተውናል፤ የሚላን፣ የኢንተር እና የጁቬንቱስ። የሚላኑ የደጋፊ አለቃ ነው። የጁቬው ከባድ መኪና ይነዳል። የኢንተሩን ደግሞ ጓደኞቹ የቶቶካልቾ ውርርድ እንደወጣለት አሳምነው ይጫወቱበታል። ጓደኛ ማለት እንዲህ ነው! ዓይንህ ላፈር የሚባባሉ ሦስት ክለቦች፣ አንድ ፊት። በጀት ለመቆጠብ ነው እንዳልል ነገሩ ልክ ነው። ሻርፑን ካወለቁለት ማን የማን እንደሆነ በምን ይለያል?

ግን ፊልሙ ገና ጨዋ ነበር። እውነተኛው ኮሜዲ ሮም ውስጥ፣ ግንቦት ወር 2010 (እ.ኤ.አ.) ታየ። ላዚዮ በሜዳው ኢንተርን ገጠመ። ኢንተር ነጥብ ከጣለ የጣልያን ሊግ ዋንጫ ለሮማ ሊቀና ነው። ሮማ ደግሞ የዚያው ከተማ ልጅ፣ የዚያው ስታዲየም ተጋሪ። እናስ? የላዚዮ ደጋፊ በገዛ ሜዳው የገዛ ቡድኑን ሽንፈት ተመኘ። በረኛው ሙስሌራ ኳስ ሲያድን ተፏጨበት። ምስኪን፣ ደመወዝ የሚከፈለው ለዚሁ መስሎት ነበር።

የመጀመሪያው አጋማሽ ሊያልቅ ሲል ዋልተር ሳሙኤል በጭንቅላት አገባ። (የኢንተሩ ሳሙኤል እ.ኤ.አ. በ2001 ከሮማ ጋር ዋንጫ ያነሳ ሰው ነው። ጉጉት ሲቀናት እንዲህ ነው።) ወዲያው ባነር ከፍ አለ፦ «ኦ ኖኖኖ!» ሐዘናቸው አንጀት ይበላል። ሙሾው አስቀድሞ ተጽፎ ነው የመጣው።

ንጉሡ «የፈለግከውን ለምን፤ ለጎረቤትህ ግን እጥፉን እሰጠዋለሁ» ቢሉት «እንግዲያው አንድ ዓይኔን ያጥፉልኝ» ያለውን ሰውዬ ታስታውሱታላችሁ። ስንስቅበት ኖረናል። ለካስ ቀንደኛ የላዚዮ ደጋፊ ኖሯል።

ጨዋታው በኢንተር አሸናፊነት 2 ለ 0 አለቀ። በውድድሩ መጨረሻም ኢንተር ሻምፒዮን ሆነ፣ ሮማ በ2 ነጥብ ቀረ። የላዚዮ ደጋፊም ዜሮ ነጥቡን ታቅፎ፣ ደስ ብሎት ቤቱ ገባ።