ሕፃኑ ባይኖርም የእናቲቱ ክትትል ሊቀር አይገባም

እርግዝናዋ ከገፋ በኋላ ፅንሱ በማህፀኗ ውስጥ የሞተባት ሴት እንደማንኛዋም ወላድ ታምጣለች፣ ትወልዳለች፣ የእንግዴ ልጁ ይወጣል፣ ደም ይፈሳታል። ከዚያ በኋላ ግን የጤና ተቋማትም ሆኑ ቤተሰብ ጉዳዩ ያለቀ ያህል ቆጥረው ያሰናብቷታል። ሕፃኑ በሕይወት ቢኖር ኖሮ ለክብደት፣ ለክትባትና ለምርመራ ሲመላለስ እናቲቱም አብራ ትታይ ነበር፤ እሱ ሲታጣ የእርሷም ቀጠሮ አብሮ ይቀራል። በእኔ እምነት ስህተቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው፤ ልጇን ያጣች እናት የሚያስፈልጋት የድህረ ወሊድ ክትትል ልጇን ታቅፋ ወደ ቤቷ ከምትሄደው እናት የበለጠ እንጂ ያነሰ አይደለም።

ችግሩ አልፎ አልፎ ብቻ የሚያጋጥም ቢሆን ኖሮ ለቸልታው ሰበብ አይጠፋም ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት አገሮችን ለማነጻጸር በሚጠቀምበት መለኪያ፣ ማለትም ከ28ኛው የእርግዝና ሳምንት ጀምሮ በሚደረገው ቆጠራ፣ በየዓመቱ 1.9 ሚሊዮን ያህል ሕፃናት ሞተው ይወለዳሉ፤ ከእነዚህም ከ40 በመቶ በላይ የሚሆኑት የሚሞቱት ምጥ ከጀመረ በኋላ ነው። ብሪታኒያ የምትቆጥረው ከ24ኛው ሳምንት፣ አሜሪካ ደግሞ ከ20ኛው ሳምንት ጀምሮ በመሆኑ፣ በ22ኛው ሳምንት ልጇን ያጣች ሴት በአንዱ አገር መዝገብ ሞቶ የተወለደ ልጅ እናት ስትባል በሌላው ውርጃ እንደደረሰባት ተደርጋ ትጻፋለች። ሰውነቷ ግን በሁለቱም አገር የሚያልፍበት መንገድ አንድ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ስለ ጡት መናገር ያስፈልጋል፤ ብዙ እናቶች ማንም ሳያስጠነቅቃቸው በድንገት የሚደርስባቸው ይህ ነውና። ጡት ወተት ለመስጠት መሰናዳት የሚጀምረው ገና በእርግዝናው አጋማሽ ላይ ሲሆን፣ ወተቱ እስከ ወሊድ ድረስ እንዳይፈስ ገትቶ የሚያቆየው በዋናነት ከእንግዴ ልጅ የሚመነጨው ፕሮጄስትሮን የተባለው ሆርሞን ነው። የእንግዴ ልጁ ሲወጣ ይህ ሆርሞን በፍጥነት ይወርዳል፤ ወተት የሚያመርተው ፕሮላክቲንም ከልካይ አጥቶ ሥራውን ይጀምራል። ሕፃኑ መኖሩንና አለመኖሩን የሚጠይቅ የለም። ስለዚህ በሁለተኛው፣ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን፣ ሰዎች ሊያጽናኗት በተቀመጡበት መካከል፣ ጡቷ አግቶ እንደ ድንጋይ ይጠጥራል፤ የቀሚሷ ደረት ይርሳል፤ ከጎረቤት የሕፃን ለቅሶ ከተሰማ ደግሞ ሳትፈልገው ወተቱ ይወርዳል። ይህንን ከመውጣቷ በፊት በግልጽ የሚነግራት አንድ አዋላጅ ነርስ ቢኖር ሕመሙ ባይቀርም ድንጋጤው በቀረ ነበር።

ሊደረግ የሚችለውም ነገር ውስብስብ አይደለም። ጡትን በደንብ የሚደግፍ የጡት መያዣ ቀንና ሌሊት ማድረግ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ ቀዝቃዛ ነገር መያዝ፣ ፓራሲታሞል ወይም ሐኪም ካልከለከለ አይቡፕሮፌን መውሰድ፣ ውጥረቱ ሲበረታ ደግሞ ለማስታገስ ያህል ጥቂት ማለብ ብዙውን ጊዜ ይበቃል፤ ሙሉ በሙሉ ማለብ ሌላ ወተት ይጠራል። በጨርቅ ጠፍሮ ማሰር ግን ሕመም ከመጨመር በቀር ፋይዳው አነስተኛ ነው። ካበርጎሊን የተባለው መድኃኒት ከወሊድ በኋላ በመጀመሪያው ቀን 1 ሚሊ ግራም አንድ ጊዜ ከተወሰደ ወተቱ እንዳይመጣ ሊያደርግ ይችላል፤ የደም ግፊት ላለባት ሴት ግን አይሰጥም። ከዚህ በፊት በሰፊው ይታዘዝ የነበረው ብሮሞክሪፕቲን እናቶች ላይ ስትሮክንና የሚጥል ሕመምን ከመሰሉ አደጋዎች ጋር በመያያዙ አሜሪካ ውስጥ በ1990ዎቹ አጋማሽ ለዚህ አገልግሎት እንዳይውል ተደርጓል። ወተቱን ቶሎ ማድረቅ የማይፈልጉ፣ ለተወሰነ ጊዜ ማለብ ወይም የወተት ባንክ ባለበት መለገስ የሚያጽናናቸው እናቶችም አሉ። ይህንን ሲሰማ ግራ የሚጋባ ባለሙያ ካለ ግራ መጋባቱን ለራሱ ቢይዘው ይሻላል፤ ውሳኔው የእርሷ ነው።

ሁለተኛው ምክንያቴ ከዚህ ይልቅ ለሕይወት ያሰጋል። ፅንስ በማህፀን ውስጥ እንዲሞት ከሚያደርጉ ምክንያቶች መካከል የደም ግፊት፣ የስኳር ሕመም፣ የእንግዴ ልጅ ያለጊዜው መላቀቅና ኢንፌክሽን ይገኙበታል፤ እነዚህ ሁሉ የእናቲቱ ሕመሞች ጭምር ናቸው። ልጁን የነጠቀው ሕመም ልጁ ስለተወለደ ብቻ ከእርሷ አካል አይወጣም። በእርግዝና ምክንያት የሚመጣው የደም ግፊት ከወሊድ በኋላም ሊባባስ አልፎ ተርፎም አዲስ ሊነሣ ይችላል፤ የደም መርጋት አደጋም ከፍ ብሎ የሚታየው ከወሊድ በኋላ ባሉት ስድስት ሳምንታት ውስጥ ነው። አንድ ትልቅ የንጽሕና መጠበቂያ በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚያርስ ደም፣ መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ፣ 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ የሆነ ትኩሳት፣ የማይለቅ ራስ ምታት ወይም የዓይን ብዥታ፣ የአንድ እግር እብጠትና ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ እነዚህ ሁሉ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሐኪም የሚያስኬዱ ናቸው። የደም ዓይነቷ ኔጌቲቭ የሆነ እናት ደግሞ የሾተላይ መከላከያ መርፌዋን በ72 ሰዓት ውስጥ ማግኘት አለባት፤ በግርግሩ መሐል ከተረሳ ዳፋው ለሚቀጥለው እርግዝና ይተርፋል።

እዚህ ላይ ሐዘኑ ራሱ መጋረጃ ይሆናል። ደረቷን የሚጨንቃት፣ አቅም የሚያንሳት፣ እንቅልፍ የሚነሣት ሴት ሁሉም ሰው «ሐዘን ነው» ይላታል፤ እርሷም እንደዚያው ታምናለች። ከዚያ ጀርባ የደም ማነስ ወይም ወደ ሳንባ የሄደ የረጋ ደም ሊኖር እንደሚችል የሚጠረጥረው ክትትሉን በእጁ የያዘ ባለሙያ ብቻ ነው።

ስለ ሐዘኑም ቢሆን የሕክምናው ዓለም ሐሳቡን ደጋግሞ ሲለዋውጥ ቆይቷል። ለረጅም ዘመን ሕፃኑን ከእናቲቱ ዓይን ሰውሮ መውሰድ ለእርሷ እንደመራራት ይቆጠር ነበር፤ ቀጥሎ ማየትና ማቀፍ ይበረታታ ጀመር፤ እ.ኤ.አ. በ2002 ደግሞ ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የታተመ አንድ ጥናት ልጃቸውን ያቀፉ እናቶች በሚቀጥለው እርግዝና ድባቴ በዝቶባቸው እንደተገኙ ገልጾ ነገሩን አወዛገበው። ጥናቱ የሸፈናቸው ሴቶች ጥቂት ነበሩ፤ ከዚያ ወዲህ የወጡ ሥራዎች በአብዛኛው የሚያሳዩት፣ ምን እንደምታይ አስቀድሞ የተነገራትና ሳትጣደፍ የመረጠች እናት በመምረጧ የምትጸጸተው እምብዛም መሆኑን ነው። እኔን የሚያስማማኝም ይኸው ነው። ዛሬ አልፈልግም ያለች ነገ ልትፈልግ ትችላለችና፣ ጥያቄው አንድ ጊዜ ቀርቦ የሚዘጋ መሆን የለበትም።

«ገና ወጣት ነሽ፣ ሌላ ትወልጃለሽ» የሚለው ማጽናኛ ከክፋት የመነጨ አይደለም፤ ሆኖም የሞተውን ልጅ በሌላ የሚተካ ዕቃ ያስመስለዋል። «እንኳን አንቺ ተረፍሽ» የሚለውም እውነት ነው፤ ግን የተረፈችው እናት በዚያው ሰዓት ራሷን እየከሰሰች ሊሆን ይችላል። ከባድ ዕቃ ያነሳሁ ዕለት ይሆን? እንቅስቃሴው ሲቀንስብኝ ለምን አድሬ ቀረሁ? ለእነዚህ ጥያቄዎች ምክርና ልመና መልስ አይሆኑም፤ የተሻለ መልስ የሚሰጠው ምርመራ ነው። የእንግዴ ልጁ በላቦራቶሪ መታየቱና ቤተሰቡ ከፈቀደ አስከሬኑ መመርመሩ ምክንያቱን ብዙ ጊዜ ያመለክታል፤ ባያመለክት እንኳን ምን ምን እንዳልሆነ ይነግራል፤ ይህም ራስን ለሚከስ ሰው ትንሽ ነገር አይደለም። ላንሴት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ተከታታይ ጥናት ከእንዲህ ዓይነት ሞት ጋር በተያያዘ ድባቴ ውስጥ የሚኖሩ ሴቶች 4.2 ሚሊዮን እንደሚሆኑ ተገምቷል። ሐዘን በሽታ አይደለም፤ ነገር ግን ሳምንታት አልፈው የወሊዱ ክፍል በሕልምም በእውንም እየተመላለሰባት የምትሸበር፣ ወይም መኖር የምትጠላ ሴት የአእምሮ ጤና ባለሙያ ዘንድ መድረስ ይገባታል። አባትየውም አይረሳ፤ ወረቀቱን እየፈረመ፣ ስልኩን እየመለሰ፣ እንግዳውን እያስተናገደ ስለሚውል ሐዘኑን የሚጠይቀው ሰው የለም።

የሥራ ፈቃድ ጉዳይም ከማገገም ተለይቶ አይታይም። ብሪታኒያ ከ24ኛው ሳምንት በኋላ ልጇ ሞቶ ለተወለደባት ሠራተኛ ሙሉ የወሊድ ፈቃዷን ትጠብቅላታለች። የህንድ ሕግ ውርጃ ለደረሰባት ሴት እንኳ የስድስት ሳምንት ፈቃድ ከደመወዝ ጋር ይሰጣል። ማህፀን ወደ ቀድሞ መጠኑ ለመመለስ የሚፈጅበት ጊዜ ስድስት ሳምንት ያህል መሆኑን ያወቀ አሠሪ፣ ጥቂት የሐዘን ቀናት ሰጥቶ ወደ ሥራ ተመለሺ ማለቱን እንዴት እንደሚያስረዳ አይገባኝም።

ስድስተኛው ሳምንት ላይ የሚደረገው ቀጠሮ ደግሞ ነፍሰ ጡሮችና አራሶች ከተሰለፉበት ክፍል ራቅ ብሎ፣ የምርመራው ውጤት በእጅ ከያዘና ፋይሏን አስቀድሞ ካነበበ ሐኪም ጋር መሆን አለበት፤ «ሕፃኑ እንዴት ነው?» ተብላ መጠየቅ የለባትም። ስለ እርግዝና መከላከያ ግን ከዚያ ቀደም ብሎ መነገር አለበት፤ የማታጠባ ሴት ወሊድ ከተፈጸመ ከሦስት ሳምንት ገደማ ጀምሮ ልታረግዝ ትችላለችና። መቼ ልታረግዝ እንደሚገባት ለምትጠይቅ ሴት ለሁሉም የሚሠራ አንድ ቁጥር መስጠት አይቻልም፤ እ.ኤ.አ. በ2019 በአውስትራሊያ፣ በፊንላንድና በኖርዌይ መረጃ ላይ ተመሥርቶ የታተመ ሰፊ ጥናት በአንድ ዓመት ውስጥ ዳግም ማርገዝ በራሱ አደጋውን ከፍ እንደማያደርገው አሳይቷል፤ በቀዶ ሕክምና የወለደች ወይም የደም ግፊቷ ያልተስተካከለ ሴት ግን ከሐኪሟ ጋር የምትመክርበት ሌላ ምክንያት አላት። ያም ሆነ ይህ በሚቀጥለው እርግዝና ፍርሃቱ የሚበረታው ያለፈው ልጅ የሞተበት ሳምንት ሲቃረብ ስለሆነ፣ የክትትል ቀጠሮዎቿ መቀራረብ ያለባቸው ያ ሳምንት ከመድረሱ በፊት ነው።