እንግሊዞች ጎረቤት የላቸውም

ሰሞኑን አንድ የሴት ሰላይ ፊልም ከፍቼ ነበር፣ እናትየዋ ሌላ ሰው ሆና ትገኛለች፣ እህት እህቷን ትሸጣለች ምናምን፣ ግን አንድ ሰዓት ሙሉ አፍጥጬ ሚስጥሩ አልወጣም። አንድ ሰዓት! እኛ ብሎክ ቢሆን እኮ አቦሉ ሳይቀዳ አልቆ ነበር።

የምኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው። ከመሃል ከተማ ሩቅ ነው፣ የታክሲው ሰልፍ ሌላ ጉድ ነው፣ በመረጃ በኩል ግን ታድለናል። ሁለተኛ ፎቅ ያሉት እትዬ (ስም አልጠራም፣ ሰላይ በስሙ አይጠራም) በረንዳቸው ላይ ሽንኩርት እየላጡ ብሎኩን በሙሉ ይጠብቁልናል። ካሜራ የለ፣ ድሮን የለ፣ ጆሮ ብቻ። የማን ሚስት ስንት ሰዓት ገባች፣ የማን ፌስታል ሥጋ ሥጋ ሸተተ፣ የማን ባል ስልኩ ሲጮህ ደረጃ ላይ ወጥቶ ያወራል፣ ለሁሉም ፋይል ተከፍቶለታል።

ሜሊታ ኖርዉድ የምትባል እንግሊዛዊት ነበረች። ፀሐፊ ሆና እየሰራች የአቶም ቦምብ ምርምር ሚስጥር ለሶቪየት ህብረት ስታቀብል ኖራ፣ የተጋለጠችው እ.ኤ.አ. በ1999 በ87 ዓመቷ ነው፣ ቤቷም ቤክስሊሂዝ ነው፣ ከለንደን ዳር፣ ልክ እንደኛ። ጎረቤቶቿ ምንም አያውቁም ነበር። እንዴ፣ ጎረቤት ተብዬዎች! እኛ ጋ ብትከራይ ሰኞ ገብታ ሐሙስ አልቆላት ነበር፣ "ያቺ ፈረንጅ ወረቀት አበዛች" ይባልና ቅዳሜ ቡና ላይ ስንት እንደሚከፍሏት ሁሉ ይታወቃል።

ባለፈው ደሞ የሦስተኛ ፎቆቹን አወጡልን። የ20/80ውን ቁጠባ ወር በወር የከፈለው ወንድምየው ነው፣ ዕጣው ግን በእህትየው ስም ነው የወጣው፣ እሷ ደሞ ሳትነግረው ቤቱን ለደላላ ሰጥታዋለች። እንዴት ታወቀ? ለልብ ጓደኛዋ "በማርያም ለማንም እንዳትነግሪ" ብላ ነገረቻት፣ ጓደኛዋም ለማንም አልነገረችም፣ ለእትዬ ብቻ፣ እትዬም ለማንም አልነገሩም፣ እያንዳንዳችንን ለብቻ ለብቻ ጠርተው "በማርያም" እያስባሉ ነው የነገሩን። እና ይኸው ብሎኩ በሙሉ አንድ ሚስጥር በጋራ ይዘናል፣ እድራችን እንኳ እንደዚህ ተሟልቶ አያውቅም።

ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን ጨዋነታችን ነው፣ ለወንድምየው የነገረው አንድም ሰው የለም። በሰው ቤተሰብ ጣልቃ መግባት ነውር ነዋ! ጠዋት ጠዋት ደረጃ ላይ ስናገኘው እንዴት በፍቅር ሰላም እንደምንለው ብታዩ፣ ከዛ አለፍ ሲል ጀርባውን እያየን ከንፈር እንመጣለታለን፣ ቀስ ብለን፣ እንዳይሰማ።

ይሄን ጽሁፍ ለማንም አላሳየሁም፣ በሬን ቆልፌ ስልኬ ላይ ነው የጻፍኩት። ቅድም ዳቦ ልገዛ ስወርድ እትዬ አስቆሙኝና ድምፃቸውን ዝቅ አርገው፣ "የኔ ልጅ፣ ሁለተኛ ፎቅ ያልከውን አራተኛ በለው፣ ሰው ያውቀኛል" አሉኝ። ሁለት ደረጃ ከወረድኩ በኋላ ደሞ መልሰው ጠሩኝ፣

"ሽንኩርት አይደለም የኔ ልጅ፣ ምስር ነው እምለቅመው።"