ማስተካከያ፦ ስለ ግቢ ወለል ጣውላ

ድሬዳዋ ውስጥ ከዚራ ለሚገኝ አንድ ግቢ ስለተመረጠ የጣውላ ወለል ባለፈው ባቀረብነው ጽሑፍ፣ ምስጥንና ብስባሴን የሚከላከል መድኃኒት በግፊት የገባበት የጥድ ወገን ጣውላ «እስከ መሐሉ ስለተነከረ እንደተፈለገ ተቆርጦ በቀጥታ አፈር ላይ ሊነጠፍ ይችላል» ማለታችን ስሕተት ስለሆነ አንባቢዎቻችንን ከልብ ይቅርታ እንጠይቃለን። መድኃኒቱ በደንብ የሚሰርጸው ነጣ ባለው የእንጨቱ ውጫዊ ክፍል ሲሆን፣ ጠቆር ያለው መሐሉ ግን እምብዛም አይቀበለውም። በመጋዝ የተቆረጠ ጫፍ ሲታይ ብዙ ጊዜ ዳር ዳሩ ከመድኃኒቱ የተነሣ አረንጓዴ፣ መሐሉ ግን የተፈጥሮ ቀለሙን እንደያዘ ነው፤ ምስጥም ብስባሴም መንገድ የሚያገኙት በዚያ ስለሆነ፣ አዲስ የተቆረጠ ጫፍና የተበሳ ቀዳዳ ሁሉ ከመገጠሙ በፊት የእንጨት መከላከያ በብሩሽ ሊቀባ ይገባል። አረንጓዴ ቀለም ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ገዢው አፈር የሚነካው ሞራሌ ለዚሁ ተብሎ የታከመ መሆኑን ሻጩን ይጠይቅ። በጣውላዎቹ መካከልም ከ5 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይተው።

ከሁሉ በላይ ያሳሰበን «ቁርጥራጩ ለምድጃ ይሆናል» ማለታችን ነው። መድኃኒቱ መዳብ፣ የቀድሞው ዓይነት ደግሞ ክሮሚየምና አርሴኒክ ጭምር ስላለበት ጭሱም አመዱም መርዛማ ነውና፣ ቁርጥራጩ በፍጹም አይንደድ።